በጀርባው የተሰቀለው ዳንቴል

ወንድም ዓለሜ ሀብቱ፣ የእኅትህ የብርሃነሽ ሰላምታ ከአሶሳ ተነሥቶ ደጅህ ይድረስ። ጤናህ እንዴት ነው? ዓይንህስ? ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ስታፈጥ ያምህ ነበር፤ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ሰንበቴስ ደኅና ናት? ልጃችሁ ብሪቱስ ዳዴ ማለት ጀመረች? እኔ፣ ፈንታና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ወባው ዘንድሮ ረገብ ብሎልናል። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለን የለም ብል ግን መዋሸት ነው፤ ጨው የለንም።

ለኮምፒውተሩ ብለህ በካሬ ወረቀት የሣልሃቸው ፊደሎች ደርሰውኝ ነበር። አንዷን ካሬ እያጠቆርህ አንዷን ባዶ እየተውህ የምትሠራው ከእኔ ዳንቴል በምን ይለያል? እኔም አንዱን ቀዳዳ እየደፈንሁ ሌላውን ክፍት እየተውሁ ነው የምሠራው። "በ" ቀጥ ብላ ቆማ ታምራለች፤ "ዐ" ግን ክብነቷ ቀርቶ መስኮት መስላለች።

የአብዮት በዓል ሲደርስ ካድሬያችን ለመድረኩ መፈክር አዘጋጁ አለን። ቀለም የለ፣ ጨርቅ የለ። የዱቄት ከረጢት ተርትሬ፣ በክሩ፣ በአንተው ፊደል "አብዮታችን ወደፊት" ብዬ በኪሮሽ ሠራሁ። መድረኩ ላይ መስቀሉን ለፈንታ ተውሁለት። ዳንቴል ደግሞ ፊቱና ጀርባው ለወንድ ዓይን አንድ ነው፤ ባሌ ጀርባውን ወደ ሕዝቡ አድርጎ ቸነከረው። እንግዶቹ መጥተው ሲቀመጡ መፈክሩ ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ ቁጭ!

ካድሬው ፊቱ ከሰል መሰለ። አብዮቱን ወደ ኋላ የመለሰው ማነው፣ ፊደሉንስ ማን ሣለልሽ ብሎ አፋጠጠኝ። ሀብቱዬ፣ ያን ጊዜ የታየኸኝ አንተ ነህ። ስምህ ከአፌ ቢያመልጥ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው እንደሚለቅሙህ አውቃለሁ። ማንም አልሣለልኝም፣ ከራሴ ነው አልሁ።

ይኼኔ የበርታው ጎረቤታችን ሼህ ሙርሳል ብድግ አሉ። የአማርኛ ፊደል አንድም አያውቁ! እኛ ጽሑፍ፣ ዓረብኛው፣ ከቀኝ ነው የሚጀምረው፣ ይሄ ሴት እኛንም አስቦ ሠራ፣ አላህ ይስጠው አሉ። የእንግዶቹ አለቃ ከት ብሎ ሳቀና የብሔረሰቦች እኩልነት ማለት ይህ ነው ብሎ አጨበጨበ። ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ካድሬያችን ነው። እኔ ቤቴ ገብቼ እፎይ ብዬ አለቀስሁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብል እንዳትቀየመኝ።

ፊደልህ ይነበባል ወይ ብለህ አትስጋ፤ ካድሬው በግልባጩም አንብቦ ነው የተቆጣው። ወረቀትህን ግን በማግስቱ ምድጃ ውስጥ ጨመርሁት፤ ከሥሩ ስምህን ጽፈህበት ነበር። ሲነድ አንጀቴ አብሮ ነደደ። ደግመህ ሣልልኝ፤ ስምህን ግን አትጻፍበት፤ እጅህን አውቀዋለሁ። ይህን ደብዳቤ የሰጠሁት ለፖስታ ቤት ሳይሆን አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሾፌር ነው፤ አንብበህ ቅደደው።

ሰንበቴን እቀፍልኝ፤ ብሪቱን ጉንጯን ሳምልኝ። ፈንታ በእፍረት አንገቱን ደፍቶ ሰላም ይልሃል፤ ልጆቹም አጎታችን መቼ ይመጣል ይላሉ።

አሶሳ፣ ሠፈራ መንደር
መስከረም ፲፩ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.