ቁልፍ ነካኪው

ሰኞ

ለመምህሬ ለየኔታ ክንፉ፤ ነፍስዎን በአጸደ ገነት ያኑርልኝና ይህን የምጽፍልዎ በቀል ስላሰብሁ ነው። ከሳሹም ዳኛውም አንድ ሰው ሲሆን ፍርድ እንደሚጣመም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ምስክር ይሁኑኝ።

ብሩክ የሚባል የወለንጪቲ ልጅ ዘፋኝ አለ። ያለፈውን ዘፈኑን ያቀናበርሁለት እኔ ነኝ። ከምት የወጣውን ወደ ምቱ፣ ከቃና የወደቀውን ድምፁን በኮምፒዩተር እያነሣሁ ወደ ቃናው መልሼለታለሁ። ዛሬ ለአንድ የዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት ነጋዴ ማስታወቂያ ቀድቼ ስመለስ በሚኒባሱ ሬዲዮ ሰማሁት። ጋዜጠኛዋ፣ ማን አቀናበረልህ፣ አለችው።

«ሁሉንም ራሴ ነኝ። ናዝሬት አንድ ቁልፍ ነካኪ አለ፤ እሱ ቀዳልኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሚኒባሱም አብሮ ሳቀ።

ዘፈን መቅጃ ቤት መክፈቴን እንደማይወዱት አውቃለሁ። ነገር ግን እግርዎ ሥር ተቀምጦ የድጓ ምልክት የለየ ሰው ቁልፍ ነካኪ ይባላል?

ማክሰኞ

ብሩክ ራሱ በእግሩ መጣ! እሑድ እኅቱ ታገባለች፤ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የሚሰማ ዘፈን መቅዳት ይፈልጋል። ስለ ሬዲዮው ጠየቅሁት።

«እንዴ፣ ቀልድ እኮ ነው! ጋሼ ደግሞ አያካብዱ።»

በዚያች ቅጽበት ቁርጤን አወቅሁ።

ማይኩ ፊት አቆምሁት። ጉንፋን ይዞታል፤ ድምፁ ሻካራ ነው። እናቱን በሚያነሣበት በመጨረሻው ስንኝ ላይ ድምፁ ተሰበረና ቀረ። ድገመው አልሁት፤ አልቻለም።

«ይቺን እንደ ልማድዎ ነካ ነካ አድርገው ያጠፏታል፣ አይደል ጋሼ?»

«አይዞህ» አልሁት። እሺ አላልሁም። ሐሰት ከአፌ አልወጣም።

ረቡዕ

ጠዋት የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር። ዜማው የጠፋባቸውን ሁለት ልጆች አስወጥቼ አስጠንቻቸው መለስኋቸው። ከሰዓት በኋላ አንድ የአርሲ ሽማግሌ ለልጅ ልጆቻቸው ምርቃት በኦሮምኛ አስቀዱ። በየመካከሉ የባጃጅ ጥሩንባ እየገባ፣ ነፋሱ ቆርቆሮውን እየደበደበ አስቸገረን። ሽማግሌው ግን ከመጀመሪያው ለመጀመር አልሰለቹም። እንዲህ ያለ ሰው ይባረክ።

ከዚያ ወደ ብሩክ ሥራ ተመለስሁ። ክራሩን አጠራሁት። ከበሮውን አሳመርሁት። ኪቦርዱን ለስላሳ አድርጌ ከሥር አነጠፍሁለት። ድምፁን ግን አልነካሁትም። ጉንፋኑም፣ መዝቀጡም፣ ስብራቱም እንዳለ ነው። ድንኳኑ አምሮ ሙሽራው ራቁቱን እንደ መጣ ይሁንበት። ቁልፍ ነካኪው ቁልፍ አልነካም።

ዓርብ

የሰርጉን ድምፅ ማጉያ የሚያከራየው የወሎው ሰው ጀማል ነው፤ የምንሠራውም አብረን ነው። ዛሬ መጥቶ ዘፈኑን ሰማው።

«መሪጌታ፣ ይሄ ልጅ ታሟል እንዴ?»

ነገሩን አጫወትሁት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወላሂ፣ እኔን እንዳይገዝቱኝ ብቻ!» አለ። ቀጥሎም ሳቁን አቁሞ፣ «ሰርጉ የእኅቱ ነው፤ እናቱስ ምን አድርገውዎት ነው?» አለኝ።

ገመዱን መጠቅለል ጀመርሁ።

ብሩክ ደወለ። ዘፈኑን ይላኩልኝ አለ። እዚያው ትሰማዋለህ አልሁት። «ይሁን፤ እርስዎን አምናለሁ» ብሎ ዘጋው። ይህች ቃል ወጋችኝ። ሆኖም ሚኒባስ ሙሉ ሰው የሳቀብኝ ሰው ነኝ። አልመለስም።

እሑድ፣ ከሰርጉ እንደ ተመለስሁ

የኔታ፣ የሆነውን ሳላሳምር ልንገርዎ።

የጀማል ሞንታርቦዎች በድንኳኑ ግራና ቀኝ ቆመው ነበር። ሚዜዎቹ ገቡ፤ ሙሽራይቱ ተነሣች፤ ዘፈኑን ለቀቅሁት። ያ ሻካራ ድምፅ ግቢውን ሞላው። ጎረምሶች ተያዩ። አንዱ፣ «ብሩኬ፣ ዝንጅብል ጠጣ!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቅ ሆነ። ብሩክ ፊቱ አመድ መስሎ ወደ እኔ ዞረና በእጁ፣ ያቁሙት አለኝ። እጄን አጣጥፌ ተቀመጥሁ። ስጠብቀው የነበረ ሰዓት ነው፤ ጣፈጠኝ።

የመጨረሻው ስንኝ ደረሰ። ድምፁ እናቱ ላይ ተሰበረና ቀረ።

ሳቁ ጠፋ። ወይዘሮ ጌጤ፣ እናቱ፣ እንግዳ ሊያስቀምጡ ቆመው ነበር፤ የያዙትን ወንበር ራሳቸው ተቀመጡበትና በነጠላቸው ተሸፈኑ። ሙሽራይቱ ከበሩ ተመልሳ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። ያ ዝንጅብል ጠጣ ያለው ጎረምሳ እንኳ ዓይኑን በክርኑ ይጠርግ ነበር።

«ይደገም!» አሉ ሽማግሌዎቹ።

ድምፅ ሳይጎተት ድንገት የሚቋረጥባትን ምልክት፣ ቁርጥን፣ በስንት ኩርኩም እንዳስተማሩኝ ያስታውሳሉ? ያ ባለጌ ሳይማራት አዜማት። እኔም በዚህ ሳምንት ለእርሱ ድምፅ ስል ቁልፍ የነካሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፦ ደገምሁት።

ሲያልቅ ብሩክ ሰው እየገፋ ወደ እኔ መጣ። ተነሥቼ ቆምሁ። ከረቡዕ ጀምሮ ያሰናዳሁት ንግግር ነበረኝ፦ እንደ ቃልህ ቁልፍ ነካኪ ነኝ፤ ያንተን ግን አልነካሁትም፤ ያ የሰማኸው አንተው ነህ። አፌን ስከፍት ትከሻዬን ሳመኝ። ጉንጩ እርጥብ ነበር። ጀማል ከገመዱ ጋር ጎንበስ ብሎ ያየናል። ብሩክ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ የኔታ፣ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦

«ጋሼ፣ እዚያች መጨረሻዋ ላይ ምን ነክተውበት ነው?»