አባትሽ ከክሬኑ የወረደበት ሰሞን

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት 22

ለማትጠገቢው ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ብርዱስ እንዴት ያደርግሻል? እኔ ደህና ነኝ። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ አባትሽ ነው። አትደንግጪ፣ እሱም ደህና ነው። በስልክ "ዕረፍት ላይ ነኝ" ያለሽ ግን ውሸቱን ነው። አራት ወር ሙሉ ከክሬኑ አውርደውት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚሠራበት የሕንፃ ሳይት ላይ አዲስ ደንብ መጣ። ክሬን ነጂው እላይ እንዳለ ድንገት ቢታመም በገመድ የሚያወርዱበት ቀበቶ ከመቶ ሃያ ኪሎ በላይ አይችልም አሉ። አባትሽ ሚዛን ላይ ሲወጣ የሳይቱ ነርስ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየችው። ሆድና ግንባር አይሸሸግም፣ ሚዛኑም ባይኖር ያው ነበር። ፎርማኑ ጠርቶ "ጋሼ፣ እስኪቀንሱ መሬት ላይ ይሥሩ። አዲሱ ሕንፃ እስኪጀመር ካልደረሱ ግን ወንበሩን ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው" አለው። ያን ቀን ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ቁጭ አለ። አንጀቴን በላው።

ያወፈሩት እኮ የገዛ ጓደኞቹ ናቸው። ምሳ ሰዓት ያን ሁሉ መሰላል መውረድ ስለሚሰለቸው ከላይ ገመድ ይለቃል፣ እነሱ ምግቡን በፌስታል ያስሩለታል። ስለሚወዱት ደግሞ አንዱ ጥብስ፣ ሌላው ዳቦ፣ ሌላው ኬክ ይጨምርበታል። እሱ ቀኑን ሙሉ ከሁለት እጁ በቀር የሚያንቀሳቅሰው ነገር የለም። ታዲያ የት ይሂድ ምግቡ?

መጀመሪያ እንደ ልማዱ ነገሩን በአንድ ጀምበር ሊጨርሰው ፈለገ። እህል የሚባል አልቀምስም አለ። ብዙም ሳይቆይ ብረት ሲያቀብል ዓይኑ ጨለመበትና ደግፈው ቤት አመጡት። ቀጥሎ ደግሞ "ምግብ ምን አደረገኝ" ብሎ ማለዳ ማለዳ መሮጥ ጀመረ። ሮጦ ሲመለስ ግን የሮጠበትን በእጥፍ ይበላል። "ለፍቼ ነው የምበላው" ይለኛል፣ ዳቦው ላይ ቅቤ እየከመረ። ሲመዘን ጭራሽ ጨምሮ ተገኘ። ነርሷ ትንሽ ልጅ ናት፣ ግን ቆፍጣና ናት። "ጋሼ፣ ክሬኑን በአንድ እጅዎ ብቻ ነው እንዴ የሚነዱት?" አለችው። "ሳህኑም እግርዎም አብረው ካልሠሩ አይሆንም።" ይህቺ ገባችው።

ከዚያ ወዲያ ወጥ ቤቱን እኔ ያዝኩ። ዘይት እንደ ድሮው ማንቆርቆር ቀረ፣ በማንኪያ ሆነ። የሳህኑ ግማሽ ጎመንና ካሮት፣ ከጎኑ ባቄላ ወይም እንቁላል፣ ዳቦ ትንሽ። ስኳር የሞላበት ሻይ እንኳ ተወ፣ ስኳር እንዴት እንደሚወድ ታውቂያለሽ። ጓደኞቹ ምሳቸው ላይ ሲጠሩት "ጠግቤአለሁ" ብሎ ያልፋል፣ ምራቁን እየዋጠ።

ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ደግሞ አብረን እንወጣለን፣ በጋራዦቹ በኩል አድርገን እስከ ድልድዩ። መጀመሪያ ሰሞን ጎማ ጠጋኙ ጋ ሲደርስ ያለከልክ ነበር። ሰውየው አዝኖ ወንበር ሲያወጣለት እምቢ ብሎት በቆመበት ነው የሚተነፍሰው። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ስለው፣ "እንቁላሉን ቀቅለሽ ብትሰጪኝ ይሻለኛል" አለኝ። ግን አንድም ቀን አልቀረም። ዝናብ ሲጥል እንኳ ጃንጥላውን ይዞ በር ላይ ይጠብቀኛል።

ልጄ፣ በእነዚያ ምሽቶች ስንት ነገር አጫወተኝ መሰለሽ። ድሮ በልቶ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስደው የነበረ ሰው፣ ነፋስ ሲነሳ ክሬኑ ላይ የሚቀመጥበት ካቢን እንዴት እንደሚወዛወዝ፣ ከታች ያሉትን ሰዎች በአረማመዳቸው እንዴት እንደሚለያቸው ይነግረኛል። የኔንም ውሎ ይጠይቃል። መንገድ ስንሻገር ክንዴን ይይዛል፣ እንደ እጮኝነት ጊዜያችን።

አልሸሽግሽም፣ ኮርቼበታለሁ። ስልሳ ሊሞላው ምንም ያልቀረው ሰው የለመደ ሆዱን እምቢ ማለት ቀላል አይምሰልሽ። ባለፈው ሰኞ ተመዘነና አለፈ። ነርሷ ተነስታ አቀፈችው። እኔም ሲወጣ ላየው ከሳይቱ አጥር ውጭ ቆምኩ። በስንት ዓመት ትዳራችን ክሬን ሲወጣ አይቼው አላውቅም፣ እፈራለሁ። ያን መሰላል አንዴ ብቻ አርፎ ወጣው። ሠራተኛው በሙሉ አጨበጨበ። ፎርማኑ እኔ ሳላጨበጭብ አይቶኝ "ምነው እትዬ፣ ደስ አላለዎትም?" አለኝ። "በጣም እንጂ" አልኩት።

አሁን የሚሠራበት አዲሱ ሕንፃ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። ሳይነጋ ይወጣል፣ ከመሸ ይገባል። ምሳውን እኔ ቋጥሬለት ይሄዳል፣ እንቅስቃሴውንም እዚያው በደረጃው ላይ ከጓደኞቹ ጋር ይጨርሰዋል። ኪሎውም እንዳይመለስበት እየተጠነቀቀ ነው። እንዲህ ነው እንጂ መሆን ያለበት።

ትናንት ማታ ልማድ ሆኖብኝ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። ጎረቤታችን ከበሯ ላይ ሆና "ዛሬ ብቻሽን ነሽ?" አለችኝ። "እሱማ ወንበሩ ላይ ተመልሷል" አልኳት፤ በኩራት ነው ያልኳት። ድልድዩ ጋ ሳልደርስ ግን ተመለስኩ።

ስትደውዪለት እንዳልሰማሽ ሁኚ፣ ራሱ ያውራልሽ፣ ደስ ይለዋል። ሥራ በዛብኝ ብለሽ ምግብሽን አትዝለይ። ክፉ አይንካሽ፣ የያዝሽው ይቅናልሽ። ጎን ለጎንሽ የሚራመድ ሰው ይስጥሽ።

የምትወድሽ እናትሽ