ጠመንጃ በሌለበት ቤት አረር ስናፈስ

ቻሊስ፣ አይዳሆ
ሐሙስ፣ ኖቬምበር 3

የምወድህ ልጄ ከርቲስ፣

እንደምን ከርመሃል? የኮዲያክ ባሕር እንዴት ይዞሃል? በስልክ ልነግርህ ብዬ ስንቴ ተነሥቼ ተውኩት። አንተ ጀልባ ላይ ነህ፤ እኔም ድምፅህን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰራል። ወረቀት ይሻለኛል፤ ባለቅስም አይታይም።

መጀመሪያ ደህናውን ልንገርህ። አባትህ ይበላል፣ ይተኛል። ወገቡን በብርድ ጊዜ ያመዋል እንጂ ካለፈው ክረምት ጋር ሳስተያየው ሌላ ሰው ነው። ይህን ስትሰማ ደስ ይበልህ፤ ከዚህ ቀጥዬ የምጽፈው ደስ አያሰኝም።

ሽማግሌውን ጎረቤታችንን ሆሊስን ታስታውሳቸዋለህ። በጁላይ ቤታቸውን ሸጠው አሪዞና ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ወደ እኛ መጡ። አባትህ በማርች የሰጣቸውን ውሻችንን ጁኒን መለሱልን። አንድ ሣጥንም ይዘው ነበር። በሣጥኑ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የእርሳስ ማቅለጫ ድስት፣ እጀታ ያለው የአረር ፎርማ፣ ጭልፋና ቀጭን የመመሪያ መጽሐፍ አለ። ከጎሚስታው ለቃቅመው ያጠራቀሙት የጎማ ማመዛዘኛ እርሳስም ባልዲ ሙሉ ነበር።

«ይህን ሁሉ ተሸክሜ አልሄድም» አሉት አባትህን። «የልጄ ቤት ነጭ ምንጣፍ ነው። እኔንም ከነጫማዬ አታስገባኝም።»

አባትህ ከወንበሩ አልተነሣም። «ጠመንጃ የሌለው ሰው አረር ምን ያደርግለታል? በእጄ ልወርውረው?»

«ወርውረው እንጂ! ስትተኩስማ ዕድሜህን ሙሉ ስትስት ነው የኖርከው።»

አልሣቀም፤ የከንፈሩ ጥግ ግን ትንሽ ነቅነቅ አለ። ያንን ከንፈር ወራት ሙሉ ስጠብቀው ስለኖርኩ አላመለጠኝም። «ጠመንጃ የሌለው ሰው» ማለቱ ግን እዚህ ደረቴ ላይ ወጋኝ። ለምን እንደወጋኝ አንተ ታውቃለህ። ከእኔ አፍ ሰምተኸው ስለማታውቅ ግን ዛሬ እኔው ልናገረው።

ወንድሙ ዴል ከሞተና ወገቡ ከሥራ ካስቀረው በኋላ አባትህ እንዴት እንደሆነ አይተሃል። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ያየው ነበር። አንድ ቀን «እኔ ብሄድ ለአንቺም ይቀልሽ ነበር» አለኝ። ከዚያ ጁኒን ወስዶ ለሆሊስ ሰጣት። ከቡችላነቷ ጀምሮ ከፒክአፑ ወርዳ የማታውቅ ውሻውን «ከእኔ ጋር ሮጣ አትጠግብም» ብሎ ሰጣት። በማግስቱ ደወልኩልህ። «ና፤ ጠመንጃዎቹን ከዚህ ቤት አውጣልኝ» አልኩህ። ለምን ብለህ እንኳን አልጠየቅኸኝም፤ መጣህ።

የአያትህንም ጨምሮ ጠመንጃዎቹን ሁሉ ጭነህ ቦይዚ አክስትህ ዘንድ ልትወስድ ስትል አባትህ በሩ ላይ ቆሞ «ይህ የማን ሐሳብ ነው?» አለ። አንተ ወደ እኔ አየህ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሳህን አጥብ ነበር። «የእኔ ነው» አልክ። «እንግዲያው ከቤቴ ውጣ፤ ዳግመኛም እንዳትመጣ» አለህ። ውኃውን አልዘጋሁትም፤ እጄንም አላደረቅሁም። የመኪናህ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ አንዷን ሳህን አሽከርክሬ አሽከርክሬ አጠብኳት።

ሆሊስ ከሄዱ በኋላ ሣጥኑ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ ከረመ። አንድ ጠዋት መጽሐፉን አንሥቼ አባትህ ፊት ዘረጋሁት። «እኔ ልማር ነው። ወይ አስተምረኝ፣ ወይ ቤቱን ሳቃጥል ቁጭ ብለህ እየኝ» አልኩት።

«እኔም አላውቀውም። አባቴ ወጥ ቤቱ ምድጃ ላይ ሲያቀልጥ ሳየው አደግሁ እንጂ እኔ ከሱቅ የምገዛ ሰነፍ ነኝ» አለ።

«ሁለት ሰነፍ አንድ ጎበዝ ሳይወጣው አይቀርም።»

ለምን እንደጀመርኩት አልዋሽህም። ፍቅሩ ኖሮኝ አይደለም። የወሰድኩበትን ባልመልስለትም ከእሱ ጋር የሚሄድ ነገር በእጁ ላስይዘው ብዬ ነው። ጠመንጃውን ነጥቄው አረር ሰጠሁት። እንዲህ ስጽፈው እንዴት ያሳፍራል።

መጀመሪያ ለቀማ ነው። ባልዲው ውስጥ ያለው ሁሉ እርሳስ አይደለም፤ ብረትና ዚንክ ተቀላቅሎበታል። ዚንክ ከገባ ድስት ሙሉ እርሳስ ያበላሻል። በፒንሳ ስትነክሰው እርሳሱ ይሰረጎዳል፤ ዚንኩ ጥርስም አይዘው። ቀኑን ሙሉ ባልዲው ግራና ቀኝ ተቀምጠን ስንነክስ ዋልን። ድስቱን ጋራዥ ውስጥ ልሰካው ስል አባትህ ከለከለኝ። የእርሳስ ጭስ የሚተነፈስ አይደለም ብሎ ወደ ግቢ አወጣን፤ ነፋሱን ከጀርባችን አደረግን። ጓንት አጠለቅን፤ መነጽር አደረግን። ያንን ልብስ ለብሼ ወጥ ቤት እንድገባ፣ እጄንም ሳልታጠብ ዳቦ እንድነካ አይፈቅድልኝም። በዚህስ ከእኔ እናት ባሰ።

እርሳሱ ሲቀልጥ ማየት ደስ ይላል፣ ከርቲስ። ዝም ብሎ ተቀምጦ ድንገት ይከዳል፤ እንደ መስታወት ያበራል። እርሳሱ ላይ የነበሩት የብረት መቆንጠጫዎች ከላይ ይንሳፈፋሉ፤ በጭልፋ ትገፋቸዋለህ። ከዚያ ቁራጭ ሰምና ሰጋቱራ ጣል አድርገህ ስታማስለው ቆሻሻው ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ አረሮቻችን ግን እንደ ዘቢብ የተጨማደዱ ነበሩ። አባትህ አንዷን ብርሃን ላይ ይዞ አያት አያትና «ይቺ አንቺን ትመስላለች» አለኝ። አሥር ወር ሙሉ ከአፉ ቀልድ አልሰማሁም ነበር። ጋራዥ ገብቼ አለቀስኩ።

ለካስ ፎርማው ራሱ መጋል ነበረበት። ሲግል ከላይ ያለችውን መቁረጫ በእንጨት መዶሻ መታ ታደርጋለህ፤ ትርፉ ይቆረጣል፤ ስትከፍተው አረሯ እንደ አዲስ ሳንቲም እያበራች ታጥፎ በተነጠፈ ፎጣ ላይ ትወድቃለች። አምራ ያልወጣችው ተመልሳ ድስት ትገባለች። ይህ አባትህን ደስ ይለዋል፤ «የተበላሸ የሚባል ነገር የለም፤ መልሰሽ ማቅለጥ ነው» ይላል። እኔ ይህን ስሰማ አንገቴን እደፋለሁ።

በሴፕቴምበር አንድ ጠዋት፣ ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ባልዲው ክዳን እንዳልነበረው ረሳሁት። ከሥር አንድ እፍኝ አንሥቼ የቀለጠው ላይ ልጨምር ስል አባትህ አየኝ። ጠብታ ውኃ ከቀለጠ እርሳስ ሥር ከገባ እንደ ፈንጂ ነው። በትከሻው ገፍቶ ጣለኝ። ድስቱ ጧ ብሎ እርሳሱን ወደ ላይ ረጨው። መነጽሩ ዓይኑን አተረፈለት፤ ጓንቱና እጅጌው መካከል ግን አንጓው ላይ አረፈበት።

እጁን ቧንቧ ሥር ይዤ ቀዝቃዛ ውኃ አፈሰስኩለት። «እኔ ነኝ እኮ ያደረግሁብህ፤ እኔ ነኝ» አልኩት። የምለው ስለ እርሳሱ ብቻ አልነበረም። ያኔ ልነግረው ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

እሱ ግን ቀደመኝ። «ተይ ናዲን። ባለፈው ክረምት ሁሉም ሰው እንደ እብድ ሲያየኝ ያላየሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ልጄ እንኳን ፈራኝ። አንቺም እንደሱ ብታስቢ ኖሮ እኔ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር» አለኝ።

ውኃውን ማፍሰሴን ቀጠልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ውኃ እያፈሰስኩ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ እህል አልበላልህ አለኝ። ብነግረው ይወድቅብኛል፤ ባልነግረው አንተ በእኔ ጥፋት እንደተባረርክ ትቀራለህ። እውነቱን ከጻፍኩ አይቀር፣ ባሌን ለማትረፍ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። የፈራሁት ለእሱ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዓይን መታየቱ ጥሞኝ ነበር።

ያለፈው ቅዳሜ አባትህ የአያትህ ጠመንጃ የሚጎርሰውን አረር ሲያፈስ ዋለ። ከወጡት ያማሩትን እየመረጠ በትንሽ ሣጥን ደረደራቸው። «ለከርቲስ ናቸው። ጻፊለት፤ ይቅር ብዬዋለሁ በዪው» አለኝ።

ይቅር ብዬዋለሁ ሲል ግን አልቻልኩም።

«መርል» አልኩት፤ «ጠመንጃዎቹን እንዲወስድ የጠራሁት እኔ ነኝ። ልጁ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ‹የእኔ ሐሳብ ነው› ያለው እኔ ዝም ስላልኩ ነው።»

የቀለጠ እርሳስ በጭልፋ ይዞ ነበር። የያዘውን ፎርማው ውስጥ አፈሰሰ። እስኪረጋ ጠበቀ፤ መቁረጫዋን መታ፤ አረሯን ፎጣው ላይ ጣላት። ከዚያ ሶኬቱን ነቀለ።

«ሳህን እያጠብሽ ነበር» አለ።

«አዎ።»

«ልጄን ከቤት ሳባርረው አንቺ ሳህን እያጠብሽ ነበር።»

«አዎ፣ መርል።»

ጁኒን ጠርቶ ፒክአፑ ውስጥ አስገባትና ሄደ። ያንን ከሰዓት በኋላ እንዴት እንዳሳለፍኩት አልጽፍልህም። የገዛ ድስታችን እስኪቀዘቅዝ አጠገቡ ቆሜ ቆየሁ። ከዚያ መንገዱ ዳር ወጥቼ ቆምኩ።

ፀሐይ ተራራው ላይ ልትገባ ስትል ተመለሰ። ወንዙ ዳር ተቀምጦ ውሏል። ሞተሩን አጥፍቶ ሳይወርድ በመስኮቱ አናገረኝ።

«ማን ነው ስለ እኔ የነገረሽ? የወገቤ ሐኪም ነው?»

«ማንም አልነገረኝም። ጁኒን ስትሰጣቸው አየሁ።»

የውሻዋን ጆሮ ያሻሽ ነበር። «ማንም ያወቀብኝ አልመሰለኝም ነበር» አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ካየሽ ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?»

«አዎ እንዳትለኝ ፈርቼ።»

«አዎ ነበር የምልሽ» አለና ወርዶ እጁን ሊታጠብ ገባ።

ልጄ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትህ ያንተ ክፍል ውስጥ ነው የሚተኛው። አልሰደበኝም፤ አልጮኸብኝም። ሰም ሲፈልግ ሰም ስጪኝ ይለኛል፤ ከዚያ በላይ አያወራኝም። ስፈራው የኖርኩት ግን አልሆነም። አልወደቀም። ማታ ማታ በሩ ሥር ቆሜ ሲያንኮራፋ እሰማለሁ፤ ይበቃኛል። ለአንተ የነበረው ቁጣ ዛሬ ባለቤቱን አግኝቷል።

ትናንት እራት ላይ ቀና ብሎ እንዲህ በዪው አለኝ፤ ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ። «አረሮቹን በፖስታ አልክም። ለምስጋና በዓል ይምጣና ራሱ ይውሰዳቸው። የአያቱን ጠመንጃ ብቻ ይዞ ይምጣ፤ አብረን እንሞክራቸዋለን፤ ሲመለስም ይዞት ይሄዳል። የቀሩት እኅቴ ዘንድ ይቆዩ፤ ስፈልጋቸው እኔ እናገራለሁ። ይቅር ብዬዋለሁ ያልኩትን ግን አትጻፊ። ያንን የምለምነው እኔ ነኝ።»

እሑድ ከሰዓት ይደውልልሃል። ጀልባው ወደብ ላይ ከሆነ እባክህ አንሣለት። ቶሎ ባይናገር አትዝጋበት፤ ቃል እስኪያገኝ ጊዜ ይወስድበታል።

የበደልኩህን ሁሉ በአንድ ወረቀት እጨርሰዋለሁ ብዬ አይደለም የጻፍኩልህ። ስትመጣ ፊት ለፊት ተቀምጬ እነግርሃለሁ፤ የፈለግከውን ትለኛለህ። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። እሑድ አባትህ ስለ እኔ ቢያነሣብህ አታማልደኝ። «እናቴን ተዋት» እንዳትለው። አንተ ስትባረር እኔ አላማለድኩህም።

ከርቲስ፣ ማዕበሉ ይራቅህ፤ መረብህ ሞልቶ ይውጣ፤ እግርህ በሰላም ደረቅ መሬት ይርገጥ። ባለህበት ሁሉ የሚያይህ አትጣ።

እናትህ
ናዲን