የኤቶሬ ወንፈል

ሊጉሪያ፣ ኢጣሊያ፤ መስከረም ፲፱፻፺፰

ወንድም ዓለም ስመኘው፣

ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ ሽንዲ ድረስ ይምጣልህ። ካርዱ ላይ ያለው ሥዕል ውሸት እንዳይመስልህ። እዚህ ተራራው እግሩን ባሕር ውስጥ ነክሮ ነው የቆመው። ባቡሩ እንኳ ሜዳ አጥቶ በተራራው ሆድ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። ገበሬው ግን ገደሉን በድንጋይ ካብ እርከን አድርጎ ወይን ተክሎበታል። ከዚህ ጋር ሲተያይ ያንተ ገደል እርሻ አውድማ ነው።

ትናንት ኤቶሬ የሚባሉ ሽማግሌ ብቻቸውን የፈረሰ ካብ ሲጠግኑ አገኘሁ። ልጆቻቸው ገደሉን ጠልተው ወደብ ሥራ ገብተዋል። «ያበርታዎ» ብዬ ማለፍ አላስቻለኝም፤ ከመጣሁበት ሥልጠና ቀርቼ ድንጋይ ሳቀብል ዋልሁ። ማታ አስተርጓሚያችን ሊፈልገኝ ሲመጣ ሽማግሌው ገንዘብ አወጡ።

«በኛ አገር ይህ ወንፈል ነው፤ የአንድ ቀን ጉልበት በአንድ ቀን ጉልበት ይመለሳል እንጂ አይከፈልበትም» ስል በአስተርጓሚው አስነገርኋቸው።

ሳቁና «እርሻህ የት ነው?» አሉ።

እኔ የደመወዝ ሰው ምን እርሻ አለኝ? ያንተን ነገርኋቸው።

የካርዱ ቦታ ጠበበኝ። እትዬ ዓባይነሽን እጅ ንሣልኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ። ገደሉን ጥለህ ቡሬ ከተማ ልግባ ያልኸውን ግን ተወው። ኤቶሬ ለወንፈሉ ሲመጡ ምን እንደሚቀርብላቸው ሳይቀር ጠይቀውኛል፤ ጠላ ብዬ ቃል ገብቼብሃለሁ።

አንዷለም