ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት ይነገርልን

ለክብርት ዶክተር ኢሌን ፕሩዊት
የድሬልፎርድ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት
ድሬልፎርድ፣ ኦሃዮ

ቀን፦ ሰኞ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 2021 እ.ኤ.አ.

አመልካች፦ ወይዘሮ ሎሬታ ዋይኮፍ፣ የሟች አሰልጣኝ ሃርላን ዋይኮፍ ባለቤት

ጉዳዩ፦ ኮሌጁ ስለ ባለቤቴ አሟሟት ያወጣው መግለጫ ከቅዳሜው ጨዋታ በፊት እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክብርት ፕሬዚዳንት፣

1. እኔ አመልካች በዚሁ ከተማ የተማሪዎች አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ባለቤቴ ሃርላን በኮሌጁ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን የመስመር ተጫዋቾች አሰልጣኝ ሆኖ እስከ መጨረሻው አገልግሏል። ኳስ ወርዋሪው እንዳይመታ ከፊቱ ቆመው በደረታቸው የሚመክቱትን ግዙፍ ልጆች የሚያሠለጥነው እሱ ነበር። የእነዚህ ልጆች ስም ጋዜጣ ላይ አይወጣም፤ ኳሱንም የሚነኩበት ጊዜ እምብዛም ነው። እሱ ግን ከእነሱ ሌላ ተጫዋች ያለ አይመስለውም ነበር። እሁድ እሁድ ቤታችን እየመጡ ማቀዝቀዣዬን ባዶ አድርገውት ይሄዱ ነበር። ስቆጣ ሃርላን፣ «ተያቸው፣ የተከልኩትን ውኃ እያጠጣሽልኝ ነው» ይለኝ ነበር።

2. ባለፈው ሳምንት ከቢሮዎ ደብዳቤ ደርሶኛል። በመጪው ቅዳሜ ከብሌክሊ ኮሌጅ ጋር ከሚደረገው የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ በፊት ባለቤቴ እንደሚታሰብ፣ ከጂምናዚየሙ ሥር ያለው የመስመር ተጫዋቾች መሰብሰቢያ ክፍልም በስሙ እንደሚሰየም ይገልጻል። እኔም ድምፅ ማጉያ ተሰጥቶኝ አጭር የምስጋና ንግግር እንዳደርግ ተጋብዣለሁ። ስለታሰበው ክብር አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ከዚህ በታች የማቀርበው ጉዳይ ሳይስተካከል የምስጋና ንግግሩን ለማድረግ ሕሊናዬ አልፈቀደም።

3. እንደሚያስታውሱት፣ ያለፈው ዓመት ልምምድ ኦገስት ላይ ተጀምሮ ሳምንት ሳይሞላው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተቋረጠ። ውድድሩም ወደ ማርች ተዛወረ። ኦክቶበር ላይ ልጆቹ በየምድባቸው እየተከፋፈሉ እንዲለማመዱ ሲፈቀድ፣ የሊጉ ደንብ ከአንድ ምድብ ጥቂት ተጫዋች እንኳ ከተያዘ ምድቡ በሙሉ ሁለት ሳምንት ከሜዳ እንዲርቅ ያዝዝ ነበር። ደንቡ ሰውን ለመጠበቅ የወጣ ነው። በቡድኑ ውስጥ ግን የታመመ ሰው ሕመሙን እንዲደብቅ ምክንያት ሆነ። ዋና አሰልጣኙ አቶ ብራንት ኬሊንግ ልጆቹን ሰብስበው የተናገሩትን ሃርላን እዚያው ቆሞ ሰምቷል፤ ማታ እራት ላይ ደገመልኝ፦

«ሕመም የተሰማው ሰው ይናገር። የተናገረ ሰው ግን ሲመለስ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ቢያገኝ እንዳያኮርፍ።»

ሃርላን ይህን ሲነግረኝ ሹካውን አስቀምጦ ነበር። አልበላም።

4. ዝናቡ ሲበረታ የመስመር ተጫዋቾቹ የጨዋታ ፊልም የሚያዩት ከጂምናዚየሙ ሥር ባለው ክፍል ሆነ፤ ይኸውም አሁን በስሙ ሊሰየም የታሰበው ነው። መስኮት የለውም። ሃርላን ስብሰባው ወደ ተማሪዎች የምግብ አዳራሽ እንዲዛወርለት ሁለት ጊዜ ጠይቆ ይታሰብበታል ተብሏል። አንድ ቀን በር ላይ ጫማውን እያወለቀ፣ «እነዚያን በሬዎች ጓዳ ውስጥ ያስገቡና በር ዘግተው፣ ራቅ ራቅ ብላችሁ ተንፍሱ ይሉናል» አለኝ። እየቀለደ መስሎኝ ስቄ ነበር። እሱ አልሳቀም።

5. ኖቬምበር አጋማሽ ላይ፣ በአንድ ማክሰኞ፣ ከመስመር ተጫዋቾቹ አንዱ የሆነው ኮርዴል ፊፕስ የምግብ ጣዕምና ሽታ ጠፋበት። ይህንኑ ለዋና አሰልጣኙ ነገራቸው። የሐሙሱ ምርመራ እስኪደርስ ዝም ብሎ ሥራውን እንዲሠራ መለሱለት። ያን ቀንና በማግሥቱ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ከባለቤቴ አጠገብ ተቀምጦ ፊልም አየ። የምርመራው ውጤት ዓርብ ማታ ሲደርስ በበሽታው መያዙ ታወቀ። ኮርዴል ክፍሉን ዘግቶ እንዲቀመጥና ለማንም እንዳያወራ ታዘዘ። ቅዳሜ የእርስ በርስ ግጥሚያ ስለነበር ለባለቤቴም ሆነ ለሌሎቹ ልጆች አልተነገራቸውም። ሃርላን ቅዳሜ ጠዋት ኮርዴልን ሲያጣው፣ ሆዱን አሞታል ብለውት ሜዳ ላይ በዝናብ ሲጮህ ዋለ። እውነቱን የነገሩት ሰኞ ነው።

6. በመካከሉ ያለው እሁድ የልጃችን የቴሳ ልደት ነበር። ቴሳ ኮሎምበስ ትማራለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ስለሆነ በዚያ ቀን መኪና እየነዳች መጣች። ከእኛ ከሦስታችን በቀር ሰው አልነበረም። ሃርላን ከጠዋት ጀምሮ ብርድ ብርድ ይለው ነበር፤ የቅዳሜው ዝናብ ነው ብሎ ካፖርቱን እንደለበሰ በረንዳው ጥግ ተቀመጠ። እሷ ከመኪናዋ ወርዳ ከኋላው አቀፈችው። «ራቂ ልጄ፣ ጉንፋን ሳይዘኝ አልቀረም» አላት። አልራቀችም። ኬኩንም ቆርሳ ራሷ ወሰደችለት። አባቷ ልጄ ስትደርስ ታሞ እንደነበር እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው። እሷን ያመማት ከዚያ በኋላ፣ ሐሙስ ዕለት ነው።

7. ባለቤቴ ሆስፒታል ገብቶ ዲሴምበር ሦስት ቀን ዐረፈ። ሆስፒታል መግባት ስላልተፈቀደልን ነርሷ ስልክ ይዛለት ተሰናበትኩት። ቴሳ ያን ጊዜ ለብቻዋ በተዘጋ ክፍል ነበረች፤ ስልኩን በበሩ ሥር አሳልፌ ሰጠኋት። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቅኋትም።

8. በቀብሩ ማግሥት የኮሌጁ ስፖርት ክፍል መግለጫ አወጣ። አሰልጣኙ በበሽታው የተያዘው «ከቤተሰብ የልደት ዝግጅት ጋር በተያያዘ» እንደሆነ፣ ቡድኑ ግን በወሰደው ጥብቅ ጥንቃቄ ከአደጋ መጠበቁን ይገልጻል። ይህን ማን እንደነገራቸው አላውቅም። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። መግለጫውን ልጄ ከእኔ በፊት አነበበችው።

ክብርት ፕሬዚዳንት፣ ያ ጽሑፍ ቤቴ ውስጥ ያደረገውን ላስረዳዎ። ቴሳ ወደ ትምህርቷ አልተመለሰችም። ጃኑዋሪ ላይ በረዶ እየጣለ፣ አየሩ እንዲለወጥ ብላ፣ የክፍሏን መስኮት ከፍታ ትተኛ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ከእኔ ጋር ገበታ አትቀርብም፤ ሳህኗን ይዛ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትበላለች። ለምን አትቀመጪም ስላት፣ «አንቺን ደግሞ እንዳላጣ» ትለኛለች። ሁለታችንም ክትባት ወስደናል። ይህንንም ነገርኳት።

9. ማርች መጨረሻ ላይ፣ ቡድኑ እስካሁን ያሸነፈውን አንድ ጨዋታ በተጫወተ ማግሥት፣ ኮርዴል ፊፕስ ወደ ቤታችን መጣ። በረንዳው ላይ አልወጣም፤ ግቢው መካከል ላይ ጭምብሉን እንዳደረገ ቆመ። ያ የሚያህል ልጅ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት ነበር።

«ሚስ ሎሬታ፣ ያን መግለጫ ያየሁት በቀደም ነው» አለኝ። «ሐሰት ነው። ከቴሳ አይደለም። ከእኔ ነው።»

ከዚያ ማክሰኞውን፣ ሐሙሱንና ዓርቡን አንድ በአንድ ነገረኝ። «ኮች ሃርላን ያን ቀን ሳል ሲይዘኝ የራሱን ውኃ አቀበለኝ። ለእሱም መንገር ነበረብኝ። ግን ቦታዬን ፈራሁ። ቦታዬን ካጣሁ ኮሌጁ የሚከፍልልኝን ትምህርትም አጣለሁ፤ የእኔ አባት ደግሞ የማዕድን ጉድጓድ ሥራውን ካጣ ቆይቷል።»

አልተቆጣሁትም። ሕመሙን ለዋና አሰልጣኙ የተናገረ ልጅ ነው፤ ዝም በል ያለው ሌላ ሰው ነው። ቴሳ ለካ ቤት ውስጥ ደረጃው ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ወጥታ፣ «ማክሰኞ ነው ያልከው?» ብላ ጠየቀችው። አዎ አላት። የበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። እሱም እስክትነሣ ቆሞ ጠበቃት። ያን ማታ የክፍሏን መስኮት ስትዘጋ ሰማሁ፤ በቃ፣ አለፈ ብዬ አለቀስኩ።

በነጋታው ግን ሳህኗን ይዛ ያው በር ላይ ቆመች። «አዝኖልኝ ነው ያለው» አለችኝ። «ወይ አንቺ ነሽ ያስባልሽው። እውነት ቢሆን ኮሌጁ ራሱ ይለው ነበር።»

ይህን አቤቱታ የጻፍኩት በዚህ አንድ አባባል ምክንያት ነው።

10. ጉዳዩን በቅድሚያ ለስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ለአቶ ሩዲ ካልድዌል በአካል አቅርቤአለሁ። በትሕትና ተቀበሉኝ። በሽታው ከየት እንደመጣ ማንም በእርግጠኝነት ሊያውቅ እንደማይችል ነገሩኝ። በእርግጠኝነት ካልታወቀ ታዲያ በልጄ ልደት ስለምን አመካኛችሁ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሊሸኙኝ ሲነሡ፣ «ወይዘሮ ዋይኮፍ፣ መልካሙን ቀን መልካም አድርገን እናሳልፈው» አሉኝ።

11. ያን ሳምንት ኮርዴል ከመጀመሪያ ተሰላፊዎች ተነሥቶ ተጠባባቂ ሆነ። ምክንያቱን ሲጠይቅ ትኩረት አንሶሃል ተባለ። እኔ ኃላፊው ዘንድ ስሙን ጠርቼ ነበርና ይህ በእኔ ጦስ የደረሰበት ይመስለኛል። ትናንት አራቱ የመስመር ጓደኞቹ ቤቴ መጥተው፣ እሱ ካልተሰለፈ ቅዳሜ ሜዳ እንደማይገቡ ነገሩኝ። እንዲጫወቱ መክሬአቸዋለሁ። ይህ የውድድር ዘመን ገና ሳይጀመር አንዴ ተላልፎባቸዋል፤ ሦስተኛው ጨዋታም ተጋጣሚዎቻቸው ታመው ቀርቶባቸዋል። ከመካከላቸው ሁለቱ ስለሚመረቁ ከቅዳሜ በኋላ ዳግመኛ አይጫወቱም። ከልጆቹ አንዱ፣ «ኮች ሃርላን ቢኖር ምን ይለን ነበር?» አለኝ። ምን እንደሚላቸው አውቃለሁ፤ ግቡ ይላቸው ነበር። እሱ ጠይቆ ሲያጣ፣ ለእነሱ ሲል ወደዚያ ክፍል ዝም ብሎ ገብቷል። እኔ ግን እንደ እሱ ዝም ማለት አልቻልኩም።

12. ስለሆነም ክብርትነትዎ የሚከተለውን እንዲፈጽሙልኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፦

ሀ) በዲሴምበር የወጣው መግለጫ እስከ ዓርብ ድረስ በይፋ እንዲታረም። በሽታው በቡድኑ ውስጥ ቀድሞ እንደነበረ፣ ውጤቱ ዓርብ ታውቆ ለባለቤቴ እስከ ሰኞ እንዳልተነገረው፣ ልጄ ቤት ስትደርስ እሱ ታሞ እንደነበር ይገለጽ። ማንንም በስም ማንሣት አያስፈልግም፤ የኮርዴልንም ስም እንዳያነሱብኝ እለምናለሁ።

ለ) ኮርዴል ፊፕስ እውነት በመናገሩ ቦታውንም ሆነ ትምህርቱን እንዳያጣ፤ ወደፊትም ታመምኩ ያለ ተጫዋች ቦታው ተጠብቆለት እንዲያርፍ።

ሐ) የባለቤቴ ስም በዚያ ክፍል በር ላይ እንዳይለጠፍ። ልጆቹ የሚገቡበት ሌላ ክፍል ቢሰጣቸው፣ መስኮት ያለው ክፍል ቢሆን፣ እሱ የሚወደው ክብር ያ ነው።

ካሳ አልጠየቅሁም፤ ጠበቃም አልያዝኩም። ማንም ከሥራው እንዲባረርልኝ አልፈልግም።

13. በመጨረሻም፣ ምንም ሳልደብቅ የማሳውቅዎ ነገር አለ። የቅዳሜውን ግብዣ አልሰርዝም፤ እገኛለሁ። መግለጫው ከታረመ በተሰጠኝ ድምፅ ማጉያ አመስግኜ እወርዳለሁ። ካልታረመ ግን ከላይ የጻፍኩትን፣ የኮርዴልን ስም ትቼ፣ ለተሰበሰቡት ወላጆችና ተጫዋቾች አነበዋለሁ። ይህን ማድረግ አልወድም፤ ባለቤቴ የልጆች ጨዋታ የሚያበላሽ ሰው አይወድም ነበር። ደግሞም አነበብኩት አላነበብኩት ለልጄ አይጠቅማትም። እሷ ቃሉን የምትፈልገው ከእርስዎ ነው፤ ከእኔ ብትሰማው አታምነኝም፣ እናቷ ነኝ።

እስከ ዓርብ መልስዎን በመጠባበቅ፣ ከማክበር ሰላምታ ጋር፣

ሎሬታ ዋይኮፍ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለስፖርት ክፍል ኃላፊ
ለአቶ ብራንት ኬሊንግ