በእኔና በደመቀች መሀል ስለቆመው ግንብ

ለተከበሩ የከተማችን የአጥርና የመንገድ ሹም፣

ጥር ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ። እንደምን ሰነበቱ? ብርዱስ እንዴት አደረገዎ? እኛ ዘንድ ውርጩ ጎመኑን አቃጥሎ ወደ አጥንታችን ገብቷል፤ እርስዎ ግን ካፖርት አለዎትና እግዜር ይመስገን። እኔ አስካለማርያም ነኝ፤ ወደ አንኮበር መውጫው ላይ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ያለችው የድንጋይ ቤት ባለቤት። ፊደል ስላልቆጠርኩ የሚጽፉልኝ መሪጌታ ወልደአረጋይ ናቸው፤ ስድብ ሲመጣብኝ ብዕራቸውን አንሥተው እስኪያልፍልኝ ይጠብቃሉ።

አንደኛ፣ ስለ ግንቡ አመሰግናለሁ። በግቢና በግቢ መሀል ያለ ሽንቁር ሁሉ የሌባ መሹለኪያ ነውና በድንጋይ ይደፈን ብለው ያዘዙት በሰፈራችን ተፈጽሟል። በእኔና በጎረቤቴ በደመቀች መሀል የነበረው የቀጋ አጥር ተነቅሎ ከቁመቴ በላይ ግንብ ቆሟል። ሌባ ገብቶ አያውቅም። ድሮም አልገባም፤ ምን ሊወስድ፣ ኩበት?

ሁለተኛ፣ በቀጋው አጥር ውስጥ የነበረችው ሽንቁር የእሳት መንገድ ነበረች። ማታ አንዳችን ፍም በአመድ እናዳፍናለን፤ ጠዋት ሌላዋ ገል ይዛ መጥታ እሳት ትጭራለች። አንድ ቀን ከእኔ ምድጃ፣ አንድ ቀን ከሷ። ባሎቻችንን ከቀበርን ወዲህ የኖርነው እንዲህ ነው። እሳት ሊጭር የመጣ ሰው ደግሞ እሳት ብቻ ይዞ አይመለስም፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች ይዞ ይሄዳል። ደመቀች እግሯ ካበጠ ወዲህ በመንገዱ ዞራ መምጣት ባትችልም፣ በሽንቁሯ በኩል ግን ቀሚሷን ቀጋው እየያዘባት፣ እሷም ቀጋውን እየረገመች ትመጣ ነበር።

ይህን ልነግርዎ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። ወንበር ሰጡኝ፤ ውለታዎን አልረሳም። ሳይቆጡ ሰሙኝና «እማማ፣ ዘመኑ የክብሪት ነው፤ ክብሪት ይግዙ» አሉኝ። ገዛሁ። ለደመቀችም ላክሁላት።

ሦስተኛ፣ ክብሪቱ ደግ ነው፤ ነገር ግን እንደምን አደርሽ ብሎ አይጠይቅም። ኅዳር ላይ ደመቀች ድምጿ ጠፋ። ድሮ ከዘገየች በሽንቁሯ ብቅ ብዬ አያት ነበር፤ አሁን ግን እሳት የምትጠይቀኝበት ጠዋት ስለቀረ መዘግየቷን በምን ልወቅ? ጭሷንም ግንቡ ጋረደኝ። ዞሬ ብሄድ በሯ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሰው ተጠርቶ ሲሰበር ምድጃዋ ሥር ተኮራምታ አገኘናት። አመዱ በርዷል። ክብሪቱን እርጥበት በልቶት ኖሮ፣ ጭራ ጭራ ያልነደደላት የክብሪት እንጨት ጉልበቷ ላይ ፈሶ ነበር።

በወግ ተቀብራለች። አስከሬኗን ይዘን ግንቡን ዞረን ነው የሄድነው፤ ያማረ ግንብ ነው፣ እጃቸው ይባረክ።

አሁን በደመቀች ቤት አፊፋ የምትባል፣ ከአሊዩ አምባ የመጣች የነጋዴ ሚስት ገብታለች። ባሏ ከገበያ ገበያ ነው የሚውለው፤ እሷ መውለጃዋ ደርሷል። የቆላ ልጅ ናትና ብርዳችን አልተስማማትም፤ ከግንቡ ማዶ ስታስል እሰማታለሁ። ምጥ ቢይዛት ማን ይደርስላታል? የምለምንዎ አንዲት ሴት በጎኗ የምታልፍባት ክፍተት ብቻ ነው። በር አላልኩም።

ምድጃዎን እግዜር አያጥፋብዎ፣ ጎረቤትዎንም ከግንብ ማዶ አያድርግብዎ እያልሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ቀና ማለቱንማ ድሮ ትቼዋለሁ።

አስካለማርያም፣ የግንቡ ጎረቤት

የረሳሁት፦ ሁሉም እንዲያነበው የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ግንቡ ላይ አስለጥፌዋለሁ፤ ለአንድ ነገር እንኳ ይጥቀም። ከሥሩ ሦስት ድንጋይ ወልቆ ያያሉ። ሌባ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ለጊዜው የምታልፈው ገል የያዘች እጅ ብቻ ናት። ሊያስሩኝ ካሰቡ ግን ነገ አይሁን፤ የማዳፈኑ ተራ የእኔ ነው።