ከጉድጓዱ የወጣው ሳንቃ

ወንድሜ፣

የላክኸው ሳንቃ ማክሰኞ ደረሰ። ጀልባ ነጂው ራሱ ስፌት ቤቴ ድረስ አመጣልኝ።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትክ? ሳሉ ለቀቀህ? እኛ ደህና ነን፤ እማማን ጉልበቷ ብቻ ደረጃ አላስወጣ ብሏታል።

አፈር በሞላበት የጥንት ጉድጓድ ውስጥ፣ አሥራ አራት ክንድ ላይ አገኘሁት ብለሃል። ሰባቱ ጭረቶች በምትቆፍርበት ደሴት ሀብት የቀበሩት ሰዎች ምልክት ናቸው፣ ሣጥኑ ከሥሩ ነው ብለሃል። እናም ቤቱ ተሽጦ ከጉድጓዱ የሚመነጨውን ውሃ መሳቢያ ሞተር እንዲገዛ እኔና እማማ የምንፈርምበትን ወረቀት አብረህ ልከሃል። መቼም ያንተ ደብዳቤ ከሰላምታው ልመናው ይረዝማል።

ጭረቶቹን በሜትሬ ለካኋቸው። ሃያ ዓመት ሰው ስለካ የኖርኩ ሴት ነኝ። ወንድሜ፣ ይሄ የማድ ቤታችን በር ነው። የጫረችው እማማ ናት፤ በየዓመቱ አንተን አስደግፋ፣ በሽንኩርት ቢላዋ። አራተኛውና አምስተኛው የተጠጋጉት ሚስጥር ሆኖ አይደለም። የሳንባ ምች ይዞህ ቁመትህ አልጨምር ያለበት ዓመት ነው።

አባባ በሩን ለጉድጓድ መደገፊያ ብሎ ነቅሎ ወደ ደሴቱ ወርቅ ፍለጋ ሲሄድ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላየነውም። ደሴቱ በጉድጓድ የተበሳሳ ነው፤ የእሱ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ሰፈሩ ግን ወርቁን አግኝቶ ከሌላ ሴት ጋር ባሕር ተሻገረ አለ። ገበያ ስንወጣ የባለወርቁ ልጆች መጡ ይሉን ነበር። እማማም ያገኘው ወርቅ አንገቱን ይነቀው እያለች ሃያ ሁለት ዓመት ረገመችው። አንተ ደግሞ ሁሉን አልወሰደም ብለህ የተረፈውን ልትፈልግ ወረድክ።

ሳንቃውን ከእማማ ልደብቅ ነበር፤ ቀድማ አየችው። ጭረቶቹን በጣቷ ዳሰሰች። ስንት ክንድ ላይ ነው የወጣው አለችኝ፤ ነገርኳት። አፈሩ ከላዩ ተደርምሶ ነበር ወይ አለች። ሞልቶ ነበር ብሏል አልኳት። ወረቀቱን አምጪ አለችና ፈረመች። ቤቱን ሸጠሽ የት ልትገቢ ነው ብዬ ጮህኩባት። አልሰማችኝም። ልጄን ቀስ ብለህ ቆፍር በይልኝ አለች፤ ከዚህ በኋላ ዶማ አያንሳ፣ በእጁ ይፈልግ።

ለእሷ አለቀስኩ፤ በአንተ ግን አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። አራት ዓመት ስለ ሣጥን ጻፍክልን፤ ስለ አባባ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅህም።

ሞተሩ ለሣጥን ከሆነ አልፈርምም። ምን ፍለጋ እንደምትወርድ በእጅህ ጽፈህ ለጀልባ ነጂው ስጠው፤ ረቡዕ ወደ እኛ ይመለሳል። ገመድ ሳታስር እንዳትወርድ። የምትረግጠውን አፈር ፈጣሪ ያጽናልህ።

ቤቱን ሊገዛ የመጣው ሰው የሚጠብቀን እስከ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው።

ታላቅ እህትህ